ከፋሲካ ማግስት የተመለሱት አምስት ቢላዎች፦ የአንድ ጓሮ ብረት ሥራ ጉዳይ

ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላዎቹን በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣቸው ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነበር። አልተቆጣም። ፌስታሉን ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ አጠገብ አስቀመጠና «ወንድሜ፣ ሰባቱ እጅ የሚያስቆረጥሙ ናቸው፤ እነዚህን አምስቱን ግን እስቲ እያቸው» ብሎ ሄደ።

ሁለቱ ተቆልምመዋል፤ ስለታቸውም ዶልዱሞ ጣት አይቆርጥም። ሁለቱ አፋቸው ተሸራርፎ መጋዝ መስሏል። አንዱ ከእጀታው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀጭ ብሏል። አምስቱም በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ምድጃ፣ በአንድ ሁዳዴ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ሠሪው ሁሉንም «የባሌስትራ ቢላ»፣ ማለትም ከመኪና የሞላ ንጣፍ የተሠራ፣ ብሎ ነው ያስረከበው፤ ባሌስትራ መሆናቸውንም ከልቡ ያምን ነበር።

ቢላዎቹን የሠራው ልጅ ጎረቤቴ ነው፤ ገላን ውስጥ አንድ ሰፈር እንኖራለን። እኔ የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ፤ እሱ ቀን ቀን በር፣ መስኮትና የአጥር ብረት ይበይዳል፣ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ጓሮው ውስጥ ያነጥራል። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ፈቃዱን ጠይቄ፣ ስሙን ትቼ ነው። ከውዳቂ ብረት ቢላ፣ ማጭድና መጥረቢያ ለመሥራት የሚነሱ ወጣቶች በአዲስ አበባ ዙሪያ እየበዙ ነው። ሲነሱ ደስ ይለኛል። ግን አብዛኞቹ የሚሰናከሉት ይህ ልጅ በተሰናከለበት ቦታ ስለሆነ፣ ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ቢታወቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ትእዛዙና ብረቱ

ከቃሊቲ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ዳር ያደገ ሰው ብረት አይቸግረውም። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች የሚጠገኑባቸው ጋራዦች በራፋቸው ላይ የተሰበረ ባሌስትራ፣ ያለቀ ኩሽኔታ፣ የተጣመመ ሞላ ይከምራሉ። ልጁ ምድጃውን የሠራው ከከባድ መኪና ቸርኬ ነው፤ ውስጡን በጭቃና በአመድ ለስኖ፣ ከሥሩ ቱቦ አስገብቶ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ የአሮጌ መኪና ማሞቂያ ፋን ገጥሞለታል። ፋኑ በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። መስፉ ከአንድ ትልቅ ማሽን እግር የተረፈ ወፍራም ብረት ነው፤ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ላይ በሚስማር ታስሮ ይቀመጣል።

ስለ ፋኑ አንድ ነገር ልጨምር። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ከሰል የሚነደው በአየር ነውና፣ ቆላ ላይ በቂ የሆነ ወናፍ እዚህ ሲያንስ ይታያል። ልጁ መጀመሪያ በአነስተኛ ፋን ሞክሮ ብረቱ አልቀላ ሲለው ከሰሉን ወቅሶ ነበር። ትልቅ ፋን ሲገጥም ያው ከሰል ብረቱን አነደደው።

ትእዛዙ የመጣው በሁዳዴ መጀመሪያ ነው። በ55ቱ ቀን ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ባለቤቶቹም ግድግዳ የሚያስቀቡት፣ ሚዛን የሚያስጠግኑት፣ ቢላ የሚያስሠሩት ያኔ ነው። ሰውየው ስድስት ትልልቅ ብልት ማውጫና ስድስት ትንንሽ የቁርጥ መብያ አዘዘ። ለልጁ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የመጀመሪያው ነበር። ለፋሲካ መድረስ አለበት፤ ቀኑ አይገፋም።

ብረቱን ከሁለት ቦታ ገዛ። ግማሹን ከቁራሌው፣ ግማሹን መርካቶ ወርዶ ከምናለሽ ተራ። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በርሜል ምድጃ፣ ቆርቆሮ ባልዲ የሚሆንበት፣ የማንኛውም ዕቃ ሁለተኛ ሕይወት የሚጀመርበት ቦታ ነው። ልጁ ከክምሩ ውስጥ ስፋታቸውና ውፍረታቸው የሚመሳሰል፣ እኩል የዛጉ ጠፍጣፋ ብረቶች መረጠ። ሻጩ «ሁሉም የአይሱዙ ባሌስትራ ነው» አለው። ሻጩ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም፤ እሱም የገዛው በክምር ነው። ዝገት ሁሉን አንድ ያደርጋል።

አምስቱን ስንመረምር

ልጁ በያጅ ስለሆነ ቁራጭ አይጥልም። ከእያንዳንዱ ብረት የተረፈውን ከግድግዳው ሥር ደርድሮት አገኘሁ። ይህ ባይሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ግምት ብቻ ይሆን ነበር።

መጀመሪያ ቁራጮቹን አንድ በአንድ በግራይንደር ነካናቸው። ብረት ሲሞረድ የሚበትነው ፍንጣሪ ስለ ውስጡ ይናገራል። ካርቦኑ ትንሽ የሆነ ለስላሳ ብረት ረጅም፣ ቀጥ ያለ ጨረር ይሰጣል፤ ጫፉ ላይ ብዙም አይፈነዳም። ካርቦን ያለው ብረት ፍንጣሪው አጠር ብሎ እንደ ቆሎ እየፈነዳ ይበተናል። ሞረድ ደግሞ ከዚህም ብሶ በዲስኩ አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ፍንዳታ ነው። ዐይን በብቸኛ ፍንጣሪ ይታለላል፤ ስለዚህ ከጎን ሦስት የሚታወቁ ብረቶች አስቀመጥን፦ ቁራጭ ፌሮ፣ ከመኪና ላይ ሲወርድ በዐይናችን ያየነው ባሌስትራ፣ ያለቀ ሞረድ። ጥላ ውስጥ፣ መነጽር አድርገን፣ የማይታወቀውን ከሚታወቀው ጋር እያፈራረቅን ነካን።

የተቆለመሙት የሁለቱ ቢላዎች ቁራጭ ከፌሮው ፍንጣሪ ጋር አንድ ሆነ። አላመነም። ቁራጩን አግለን ዘይት ውስጥ ነክረን፣ በሞረድ ሞከርነው፤ ሞረዱ እንደ በፊቱ በላው። ሞርሳ ላይ አስረን በመዶሻ መታነው፤ ሳይሰበር ቀኝ ማዕዘን ሠርቶ ታጠፈ። ባሌስትራ አልነበረም፤ ከመኪና አካል ወይም ከአጥር የተቆረጠ ተራ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ብረትን ስለት የሚያስይዘው ካርቦን ነው። የባሌስትራ ብረት በብዛት ከ0.5 እስከ 0.65 በመቶ ካርቦን አለው፤ ሞረድ ከ1 በመቶ ይበልጣል፤ የኩሽኔታ ብረት ደግሞ 1 በመቶ ያህል ካርቦንና 1.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም ይይዛል። ተራው ጠፍጣፋ ብረት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.25 በመቶ በታች ነው። እሱን መቶ ጊዜ ብታግሉት፣ ዘይትም ውኃም ብታጠጡት የሚጠነክርበት ነገር ውስጡ የለም። ልጁ በነዚህ በሁለቱ ላይ ያፈሰሰው ጉልበት ሁሉ ከመጀመሪያው መዶሻ በፊት የባከነ ነበር።

አፋቸው የተሸራረፈው ሁለቱ እውነተኛ ባሌስትራ ናቸው። ጥፋቱ ሌላ ነው። አንዱን ሆን ብለን ሰብረን ስብራቱን በአጉሊ መነጽር አየነው፤ እንደ ሻካራ ጨው ያንጸባርቃል። በደንብ የተሠራ ብረት ስብራቱ ደቃቅ፣ እንደ አመድ ግራጫ መሆን ነበረበት። ይህ የሚሆነው ብረቱ ከሚገባው በላይ ሲግልና የውስጡ ቅንጣቶች ሲያድጉ ነው። ልጁን «ስንት ሰዓት ላይ ነው የነከርካቸው?» አልኩት። «ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ።» መልሱ እዚያው ነበር። ጓሮው ጣሪያ የለውም። ጥላ ውስጥ ደማቅ ቀይ የሚመስል ብረት ፀሐይ ላይ ጥቁር ይመስላል፤ ስለዚህ «ገና ነው፣ ገና ነው» እያለ ብርቱካናማ እስኪሆን ጨመረበት። ያ ቀለም በፀሐይ ላይ ሲታይ ብረቱ ከልኩ በጣም አልፏል።

በዚህ ላይ፣ ከነከረ በኋላ ተሰባሪነቱን የሚቀንሰውን መልሶ ማሞቅ በጥድፊያ ነው ያደረገው፤ ፍሙ ዳር ጥቂት ደቂቃ አስቀምጦ «ቢጫ ሆነ» ብሎ አነሳ። ግን ብረቱን በአሸዋ ወረቀት አላበራውም ነበር። የመልሶ ማሞቅ ቀለም የሚታየው በበራ ብረት ላይ ብቻ ነው፤ ጥቁር ቅርፊት ላይ የሚታየው ቢጫ የእሳቱ ነጸብራቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቢላዎች እንደ ብርጭቆ ጠንክረው፣ እንደ ብርጭቆም ተሰባሪ ሆነው ወጡ። የበሬ አጥንት ቀሪውን ሠራ።

አምስተኛው፣ የተሰበረው፣ ከሁሉም ያሳዘነኝ ነው፤ ምክንያቱም በሥራው ከሁሉም ያማረው እሱ ነበር። የስብራቱ ፊት ሁለት ቀለም አለው። አንደኛው ጫፍ፣ የጣት ጥፍር ያህሉ፣ ጥቁር ነው፤ ቀሪው ብሩህ ግራጫ። ብሩሁ በሥጋ ቤቱ የተሰበረው ነው። ጥቁሩ ግን በዚያ ቀን የተሰበረ አይደለም፤ ከፋሲካው በፊት፣ ምናልባትም ቢላ ከመሆኑ በፊት ተሰንጥቆ በእሳት የጠቆረ ነው። ከየትኛው ብረት ነው ስንል ቁራጩ ላይ ግማሽ የቡሎን ቀዳዳ አገኘን። ልጁ ባሌስትራውን ከመሃል ቡሎኑ አጠገብ ነው የቆረጠው። ባሌስትራ ከፍተኛውን ጫና የሚሸከመው መሃሉ ላይ፣ በቀዳዳውና በማሰሪያው ዙሪያ ነው፤ ሲሰበርም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። ዓመታት ሙሉ በኮረኮንች መንገድ ሲጎብጥና ሲቃና የኖረ ብረት በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ያበጃል። ልጁ ያንን ስንጥቅ ቢላው ውስጥ ቀበረው። በዚያ ላይ በውኃ ነከረው። የባሌስትራ ብረት ቅይጥ ስለሆነ ዘይት ይበቃዋል፤ ውኃ በጣም ፈጥኖ ስለሚያቀዘቅዘው ደህናውን እንኳ ሊሰነጥቀው ይችላል፣ የተሰነጠቀውንማ ያሰፋዋል።

«ውኃውን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ጋሼ ናቸው የነገሩኝ።»

ጋሼ

ጋሼ ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጡ፣ ዕድሜያቸው ሰባዎቹ ውስጥ የሚገኝ ቀጥቃጭ ናቸው። ከእኛ ሰፈር በስተጀርባ፣ የእርሻ መሬቱ ከሚጀምርበት አቅራቢያ ይኖራሉ፤ ገበሬዎች እስካሁን ማረሻና ማጭድ ያሠሩባቸዋል። ልጁ አንድ ቀን በራፋቸው ላይ ሲያልፍ ማጭድ ሲነክሩ አይቶ፣ «በምንድን ነው የሚነክሩት?» ብሎ ጠይቋቸው «በውኃ ነዋ» ብለውታል። ያንን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዞ ሄደ፤ ቀሪውን ከስልኩ ላይ ከቪዲዮ ተማረ።

የሄድኩት እውነቱን ለመናገር ላርማቸው ነበር። ታርሜ ተመለስኩ።

የተሰበረውን ቢላ አገላብጠው አዩትና ልጁን «ውኃ አልኩህ እንጂ ዓሣ አድርገህ ክተተው አልኩህ?» አሉት። ከዚያ አንድ ማጭድ አንስተው አሳዩን። ብረቱ ሲቀላ ውኃው ውስጥ የገባው አፉ ብቻ ነው፣ አንድ ጣት የማይሞላ። ጀርባው እንደቀላ ቀረ። ወዲያው አውጥተው አፉን ድንጋይ ላይ ፈተግ አደረጉት፤ በራ። ከዚያ ዝም ብለው ያዩት ጀመር። ከጀርባው ያለው ሙቀት ወደ አፉ እየሄደ ሲመጣ በበራው ብረት ላይ ቀለም ተከታትሎ ወጣ፦ መጀመሪያ እንደ ገብስ ጭድ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ቀጥሎ የተቆላ ቡና መልክ፣ ከኋላውም ሐምራዊ እየተከተለ። የጭዱ ቀለም አልፎ ቡናማው አፉ ላይ ሊደርስ ሲል ጠቅላላውን ከተቱት።

ይህን በመማሪያ ክፍል ሠንጠረዥ ላይ አስተምረዋለሁ፤ የጭድ ቀለም 220 ዲግሪ ገደማ፣ ቡናማው 260 ገደማ፣ ሰማያዊው 300 ገደማ ነው። ሰውየው ሠንጠረዡን አያውቁም፤ ግን መንከርና መልሶ ማሞቅን በአንድ ግለት ጨርሰው፣ አፉን ጠንካራ፣ ጀርባውን ለዘብ ያለ አድርገው አስረከቡ። በውኃ መንከራቸውም ለሚሠሩበት ብረት ትክክል ነው። ልጁ የወሰደው ውኃውን ብቻ ነበር፤ ጀርባው እንደሚቀር፣ ድንጋዩን፣ ቀለሙን አልወሰደም፤ ማንም አላሳየውማ።

ጋሼን የጠየቅኳቸው የመጨረሻ ጥያቄ ከየት እንደመጣ የማያውቁት ብረት ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ ነው። «የማላውቀውን ብረትማ መጀመሪያ እሰብረዋለሁ» አሉ። ጫፉን ቆርጠው፣ አቅልተው፣ ነክረው፣ በመዶሻ ይመቱታል። ከታጠፈ ለበር መቀርቀሪያ፣ ከተሰበረ ለስለት። ስብራቱን አይተውም ለውኃ ይሁን ለዘይት ይወስናሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የሚያንገበግበኝን ልናገር። ይህ እውቀት ከልጁ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነበር። ግን ጋሼ በሰፈሩ ስማቸው የሚነሳው በሹክሹክታ ነው። ቀጥቃጭን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያሉ መሸሽ አልፎ ያለቀ ታሪክ ይመስላል፤ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ቢሆንም የልጁ አክስት ምድጃውን ያየች ቀን «አሁን ቀጥቃጭ ልትሆን ነው?» ያለችው እያለቀሰች ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ከጋሼ በራፍ ይጠራሉ። ሰውየውም ሰው ሲመጣባቸው ቁጥብ ናቸው፤ የተጠየቁትን ብቻ መልሰው ዝም። አርባና ሃምሳ ዓመት ዐይንህን አያሳየኝ ሲባል የኖረ ሰው ለመንገደኛ ሙያውን ዘርግቶ አያስተምርም። የአምስተኛው ቢላ ስብራት ከቡሎኑ ቀዳዳ ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ዙር

ልጁ ገንዘቡን ልመልስ ብሎ ነበር። ባለ ሥጋ ቤቱ እምቢ አለ፤ «ከሰኔ ጾም በፊት ተካልኝ» አለው። ስለዚህ ጊዜ ነበረን።

በመጀመሪያ የብረቱን ምንጭ ቀየርን። ከክምር መግዛት ቀርቶ ባሌስትራ ወደሚጠግኑበት ጋራዥ ሄድን፤ እዚያ የተሰበረው ከየትኛው መኪና እንደወረደ ባለሙያው ያውቃል፣ አብዛኛውን ጊዜም ገና አልዛገም። ከእያንዳንዱ ንጣፍ ዳርና ዳሩን ወስደን፣ ከመሃል ቡሎኑ ግራና ቀኝ አንድ ክንድ ያህሉን ትተን ወጣን። ባለ ጋራዡ ያን ያህል መተዋችንን አይቶ ገርሞት ነበር።

ስንጥቅ ለመፈለግ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ብረቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድተን ነጭ ጋዝ ቀባነው፤ ግማሽ ሰዓት ተውነውና በጨርቅ አጥብቀን ወለወልነው። ከዚያ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ፈጭተን ነሰነስንበት። ስንጥቅ ካለ የገባበት ጋዝ ቀስ እያለ ይወጣና በነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ይሠራል። ከአራት ቁራጭ በአንዱ ላይ መስመሩ ወጣ። ደህና ብረት ይመስል ነበር። ልጁ ያንን ቁራጭ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል።

ቀጥሎ ጋሼ እንዳሉት ሰበርን። ከእያንዳንዱ ጣት የሚያህል ቆርጠን፣ ግለቱን በማግኔት ለካን። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ለባሌስትራ ከዚያ ጥቂት ከፍ ማለት ይበቃል። የገበታ ጨውም ይረዳል፤ 801 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ፣ ቅንጣቱ ብረቱ ላይ ቀልጦ ሲፈስ ልኩ ላይ መድረሱን ይናገራል። ዘይት ውስጥ ነክረን፣ ሞረድ ሲንሸራተትበት ሰማን፣ ሞርሳ ላይ ሰበርነው። ስብራቱ አመድ መሰለ። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ቢላው የገባነው።

ሥራው ሁሉ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ተደረገ። ቅርጹ ካለቀ በኋላ ብረቱን ሦስት ጊዜ እያቀላን በአየር እንዲቀዘቅዝ ተውነው፣ በየጊዜው ግለቱን ትንሽ ትንሽ እየቀነስን፤ ይህ በመቀጥቀጥ ያደጉትን ቅንጣቶች መልሶ ያደቃል። ልጁ ይህን እርምጃ መጀመሪያው ዙር ላይ ጭራሽ አልሠራውም ነበር፤ ሥራ አይመስልምና፣ ምንም ሳይመቱ ማሞቅና መጠበቅ ነው። እኔ ግን በሁለቱ ዙር መካከል ትልቁን ልዩነት ያመጣው ይህ ይመስለኛል።

ዘይቱ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ብዙዎች ከጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነጻ ያመጣሉ። እኔ አልመክርም፤ ከሞተሩ ያጠራቀመው ብናኝና ኬሚካል ከጭሱ ጋር ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ የምግብ ቢላም ነው የምንሠራው። የምግብ ዘይት በቂ ነው። እኛ የተጠቀምነው የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነው፤ ማለዳ ላይ እንደ ቅቤ ይቆማል፣ ስለዚህ አንድ የጋለ ብረት ከትተን ወደ 50 ወይም 60 ዲግሪ እናሞቀዋለን። ሞቅ ያለ ዘይት ይበልጥ ስለሚፈስ ብረቱን በተሻለ ያቀዘቅዛል። ዕቃው የብረት ይሁን፣ ረጅም ይሁን፣ ክዳን ይኑረው። ዘይቱ እሳት ሊይዝ ይችላል፤ ሲይዝ የሚጠፋው በክዳን እንጂ በውኃ አይደለም። ጄሪካን ውስጥ ዘይት ሞልቶ ብረት ሊነክርበት ያዘጋጀ ሰው አይቻለሁና ነው ይህን የማነሳው።

መልሶ ለማሞቅ ኦቭን አልነበረንም። የነበረን የእናቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ሙቀት 200 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለባሌስትራ ቢላ የምንፈልገውም ይኸው ነው። እናቱ «የእንጀራ ምጣዴ ላይ ብረት?» ብለው በሩን ዘጉብን። ትክክል ነበሩ። የተሰነጠቀ አሮጌ ምጣድ ተገዛ፣ ደቃቅ አሸዋ ተነሰነሰበት፣ የበሩት ቢላዎች አሸዋው ላይ ተኝተው አክምባሎ ተከደነባቸው። ጋሼ እንዳሳዩት ቀለሙን ጠበቅን። ጭድ ሲሆን አውጥተን አቀዘቀዝን፣ ደገምነው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል። ጀርባውን ለብቻው በጋለ ብረት አስነክተን ሰማያዊ አደረግነው።

ለእጀታ ወይራ ተገኘ። ምስማሩ ደግሞ ልጁ የፈለሰፈው ነው፤ ከብየዳ ኤሌክትሮድ ላይ ሽፋኑን አራግፎ ውስጡን ለስላሳ ሽቦ ለመቀርቀሪያ አደረገው። እንጨቱን የተልባ ዘይት አጠጣው።

ያልነካናቸውን ብረቶች ሳልጠቅስ ላልፍ አልችልም። ዚንክ የተቀባ ቱቦና ቆርቆሮ እሳት ውስጥ አናስገባም፤ ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይተናል፣ ጭሱን የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። ልጁ በብየዳ ሥራው ደርሶበት ያውቃል፤ «ወተት ጠጣሁና ተሻለኝ» ይላል፤ የተሻለው ግን በጊዜው ነው፣ ወተቱ አይደለም ያዳነው። የታሸገ አሞርዛተር ወይም ሲሊንደር ማጋል ደግሞ ፈንጂ ማጋል ነው። የመንገድ ጉድጓድ ክዳን፣ የመብራት ምሰሶ ብረት፣ የሐዲድ ቁራጭ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲመጣ ልጁ አይገዛም። የሌላ ሰው እግር የሚሰበርበት፣ የከተማ መብራት የሚጠፋበት ብረት ነው። ክዳኑ ደግሞ ለቢላ ቢሰጡትም አይሆንም፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ከግለት በኋላ መዶሻ ሲያርፍበት እንደ በቆሎ ዳቦ ይፈርሳል።

ሒሳቡና ውጤቱ

አንድ ቢላ ልጁን ከመቁረጥ እስከ መሳል ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በመጀመሪያው ዙር የጠፉት አምስቱ ሠላሳ ሰዓት ናቸው፤ በያጅ ለሆነ ሰው ከሦስት ቀን በላይ የቀን ሥራ። ብረቱን ለመመርመር፣ ለመስበር፣ በነጭ ጋዝ ለመፈተሽ የወሰደብን በጠቅላላ ግማሽ ቀን ነው። ፍተሻው ሥራ ያዘገያል የሚል ሰው ይህን ይመልከተው።

በሁለተኛው ዙር ካዘጋጀናቸው አምስት ቢላዎች አንዱ ሲነከር ጠመመ። ምጣዱ ላይ ሳለ ለማቃናት ሞክረን አልተሳካም፤ ልጁ ቆርጦ ትንሽ የሽንኩርት ቢላ አደረገው፣ እናቱም በምጣዳቸው ነገር የነበራቸውን ቅሬታ በዚያ ተዉት። አራቱን ከጰራቅሊጦስ በፊት ወሰደለት። ባለ ሥጋ ቤቱ አንዱን አንስቶ የአጥንት መገጣጠሚያ ላይ አሳርፎ አጣመመው፤ ጎብጦ ተመለሰ። አፉን በጥፍሩ ሞከረ። ልጁ ዝገት እንደሚይዘው፣ ታጥቦ ወዲያው መድረቅ እንዳለበት፣ ሌሊት ውኃ ውስጥ ማደር እንደሌለበት ነገረው።

አሁን እያንዳንዱ ቢላ እጀታው ሥር በነጥብ የተመታ ቁጥር አለው። ደብተር ላይ ቁጥሩ፣ ብረቱ ከየትኛው ጋራዥ እንደመጣ፣ የተሰበረው ቁራጭ ምን እንደመሰለ፣ በምን እንደተነከረ ይጻፋል። ቁራጮቹ በቆርቆሮ ተለይተው ይቀመጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ዘንድ ይሄዳል፤ ወናፍ ይነፋላቸዋል፣ ከሰል ይሸከምላቸዋል። አክስቱ አልተቀየመችም ማለት አልችልም፤ ግን ባለፈው ሳምንት ማጭድ አሠርታለች።

ባለ ሥጋ ቤቱ ደግሞ የአጥንት መፍለጫ ፈልጎ ተመልሶ መጣ። ለመቼ እንደሚደርስለት ጠየቀው። ልጁ ጋራዡ የሰጠውን የሲኖ ትራክ ባሌስትራ አየት አደረገና፣ «ይህን ብረት ገና አላወቅሁትም። ሰብሬ ሳላየው ቀን አልቆርጥልዎትም» አለው።